የተከፈተውን ሆድ ስለ መዝጋት

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ የዳዊት የጦር አለቃ ኢዮአብ ወንድማዊ ሰላምታ የሚሰጥ መስሎ የአሜሳይን ጢም በቀኝ እጁ ከያዘ በኋላ ሆዱን በሰይፍ እንደ ወጋው፣ አንጀቱም በምድር ላይ እንደ ፈሰሰ ተጽፎ ይገኛል፤ ዳግመኛም እንዳልመታው መጽሐፉ ሳይናገር አያልፍም። ታሪኩ ስለ ሰው ክፋት የሚያስተምረውን መምህራን በየዘመናቸው ተርጕመውልናል፤ እኔ ግን ስለ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ልጽፍ ብዕር ባነሣሁ ጊዜ ልቤን የያዘው ያ የመጨረሻው ነገር ነው። ሆዱ የተከፈተ ሰው ዳግመኛ መመታት አያሻውም ነበር። ይህንንም ከዳዊት ዘመን አንሥቶ እስከ አያቶቻችን ዘመን ድረስ ንጉሡም ጭፍራውም እንደ ሕግ ያውቀው ስለ ነበረ፣ ሕይወትን ለማዳን ብሎ ሆድን መክፈት፣ የተከፈተውንም መልሶ መዝጋት ከሰው ልጅ ጥበበ እድ ሁሉ እጅግ ዘግይተው ከተገኙት አንዱ ሆነ፤ ከሆድ ግድግዳ ሽፋኖች የትኛውን አጥብቆ መያዝ፣ የትኛውንም ለጊዜው ክፍት አድርጎ መጠበቅ እንደሚገባ ለይቶ ለማወቅ ሐኪሞች ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል።

የጥንት ሊቃውንት ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በሱሽሩታ ስም በሚጠራው የህንድ መጽሐፈ ሕክምና፣ የተቀደደ አንጀት ከንፈርና ከንፈሩ በጥቁር ጉንዳን እየተነከሰ፣ የጉንዳኑም ገላ ተቆርጦ ጭንቅላቱ ብቻ ተጣብቆ እየቀረ እንዲገጠም ታዝዟል። በሮም ኬልሱስ፣ ከልደተ ክርስቶስ በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት፣ የላይኛውን ቆዳ ብቻ ወይም የውስጡን ስስ ሽፋን ብቻ መስፋት እንደማይበቃና ሁለቱም አብረው መያዝ እንዳለባቸው ጻፈ፤ ከእርሱም በኋላ የተነሣው ጋሌኖስ፣ በዮሐንስ ራእይ ከተጠቀሱት ከሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት አንዲቱ በነበረችባት በጴርጋሞን፣ በአደባባይ በሰይፍ ለሚጋጠሙት ሰዎች ሐኪም ሆኖ ሲሠራ ያየውን ይዞ ስለ ሆድ ስፌት በሰፊው አስተማረ። ዕውቀቱ እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ ነበረ። የጐደሉት ሕመሙን የሚያስታግሥ መድኃኒትና መግሉን የሚከለክል ንጽሕና ነበሩ፤ ሁለቱ እስኪገኙ ድረስም ጽሑፉ በጽሑፍነቱ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1809 በአሜሪካ ኬንታኪ፣ ዳንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኤፍሬም ማክዳውል የተባለ ሐኪም የጄን ቶድ ክራውፎርድን ሆድ ከፍቶ ከእንቁላል ማኅደሯ የበቀለ ትልቅ ዕጢ አወጣ፤ ማደንዘዣ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ሴትዮዋ በመከራዋ ሰዓት መዝሙረ ዳዊት ትደግም ነበር ይባላል፤ ከዚያም በኋላ 32 ዓመት ኖራለች። ከ37 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1846፣ በቦስተን የኤተር ማደንዘዣ በሕዝብ ፊት ታየ። በዓመቱ በቪየና ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም፣ ወላዶችን የሚመረምሩ ሁሉ እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ አዘዘ፤ የሚገባውንም ክብር ሳያገኝ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1867 ደግሞ በግላስጎው ጆሴፍ ሊስተር ቍስሉንም መሣሪያውንም በካርቦሊክ አሲድ እያጠበ መግልን መከላከል እንደሚቻል አስታወቀ።

ሊስተር በዚሁ አሲድ እያጠራ ይጠቀምበት የነበረው ክር ከበግ አንጀት የሚሠራ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የበገና አውታርም ከዚያው ከበግ አንጀት ይሠራልና፣ በዐቢይ ጾም ለምስጋና የሚደረደረው አውታርና ሐኪም የሰውን ሆድ የሰፋበት ክር የአንድ በግ ውጤት ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ሕያው ሥጋ እንዲህ ያለውን ክር በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ያሟሟዋል፤ የሆድ ግድግዳ ጽኑ ሽፋን ደግሞ አንድ ጊዜ ከተቀደደ በኋላ ጥንካሬውን ለመመለስ ወራት ይፈልጋል። ክሩ ቀድሞ አለቀ ማለት እንግዲህ ገና ያልጠናው ሽፋን ብቻውን ቀረ ማለት ነው። ይህ ነገር ሐኪሞችን መቶ ዓመት ያህል አስቸግሯል።

በአገራችን፣ ወጌሻ አጥንት ይጠግናል፣ ወለምታ ያሻል፣ ቍስል ያስራል፤ ጥበቡም በትውልድ ሲወራረስ የኖረ የተከበረ ጥበብ ነው። የሆድ ቍስል ግን ከእጁ በላይ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ተራራዎች ላይ በተደረገው ጦርነት በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ቆሰሉ፤ ዜናው ሩሲያ በደረሰ ጊዜ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞቹንና አስታማሚዎቹን ላከ፤ እነርሱም በጅቡቲና በሐረር በኩል ተጕዘው በዚያው ዓመት ክረምት አዲስ አበባ ገቡ፤ ድንኳናቸውን ተክለውም ሕሙማንን ተቀበሉ። አንባቢ ሆይ፣ ቀኑን ቍጠረው! ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሐምሌ አምስት ወር ያህል ነው። እጁን ወይም እግሩን የተመታ ወታደር አምስት ወር ሐኪም ሊጠብቅ ይችላል፤ ሆዱን በጥይት የተመታው ግን አምስት ቀንም የሚጠብቅበት ዕድሜ አልነበረውም። ስለዚህ የአድዋ ድል በሕክምና ታሪካችን ውስጥ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ሆስፒታል ያስገኘ ሆኖ ሳለ፣ ሆዳቸውን የተመቱት አርበኞች ከዚያ በረከት ተካፋይ ሳይሆኑ ቀሩ።

የሩሲያው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. እስከ 1906 አገለገለ፤ ከተዘጋም በኋላ ብዙ ሳይቆይ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተተካ። በመቅደላ ጦርነት ማግስት ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ መኰንኖች ተወስደው በህንድ ያደጉትና በላሆር ሕክምና የተማሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ከአድዋ ድል በኋላ አገራቸውን ፈልገው በመምጣት፣ በምዕራባዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሆነው አገለገሉ።

በዚያው ዘመን በደቡብ አፍሪቃ በቦርና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው ጦርነት፣ ዝነኛው ቀዶ ሐኪም ሰር ዊልያም ማክኮርማክ ሆዱን የተመታን ሰው ቀዶ ማከም መግደል እንደሆነ፣ ቢተዉት ግን ሊድን እንደሚችል አስተማረ፤ ብዙዎችም ተከተሉት። ይህን ትምህርት በተግባር ከተቃወሙት አንዲቱ ሩሲያዊቱ ልዕልት ቬራ ጌድሮይትስ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1904 እና በ1905 በሩሲያና በጃፓን ጦርነት፣ በባቡር ፉርጎ ውስጥ የቀዶ ጥገና ክፍል አዘጋጅታ፣ ወደ ግንባሩ ተጠግታ ሆዳቸውን የተመቱትን ሳይውሉ ሳያድሩ ትከፍትና ትሰፋ ነበር። ምሥጢሩ ሰዓት ነው፤ የተበሳ አንጀት ይዘቱን በሆድ ዕቃ ውስጥ ማፍሰስ ከጀመረ በኋላ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰዓት በሕመምተኛው ላይ ይቈጠርበታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ሠራዊቶቹ ሁሉ ወደዚሁ አሳብ ተመለሱ። ካሬልና ዳኪን የተባሉት ሊቃውንት የቆሸሸውን ቍስል በክሎሪን ውኃ እያጠቡ ለቀናት ክፍት አድርገው ያቆዩት ጀመር፤ ቍስሉም ሲጠራና ቀይ ሥጋ ሲያወጣ ይሰፉታል። ቍስልን ሳይዘጉ መተው እንደ ስንፍና ከመቈጠር ወጥቶ የታሰበበት ሕክምና የሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

ያም ትምህርት በፋሽስት ወረራ ዘመን ወደ እኛ ደረሰ፤ የደረሰውም በእሳት መካከል ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ጦርነቱ ሲጀመርም ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይ፣ ከሆላንድና ከሌሎችም አገሮች የአምቡላንስ ጓዶች መጡ። በ1928 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የጣልያን አውሮፕላኖች በደቡብ ግንባር በመልካ ዲዳ የስዊድንን አምቡላንስ በቦምብ ደበደቡት፤ አልጋ ላይ የነበሩ ቍስለኞች ሞቱ፤ የጓዱ መሪ ዶክተር ፍሪዴ ሂላንደርም ቆሰለ። የእንግሊዙ አምቡላንስ መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ፣ ዛሬ ለገጣፎንና ለገዳዲን አቋርጦ ወደ ሰንዳፋ በሚያልፈው አቅጣጫ፣ ወደ ሰሜን ወጣ፤ በቆረም አጠገብም የእርሱ ካምፕ በቦምብ ተመታ። ከዚያ ተርፎ አዲስ አበባ በተመለሰ ጊዜ ከተማዪቱ በዝርፊያ ተናውጣ አገኛት፤ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ በጐዳና ላይ የወደቁ ቍስለኞችን ሲያነሣ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ለዚህ ሰው ከዚህ የሚበልጥ መታሰቢያ ይገባው ነበር እላለሁ።

ከአምስቱ ዓመት መከራ በኋላ በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ፣ በምሥራቅ አፍሪቃ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር አማካሪ ቀዶ ሐኪም ሆኖ ያገለገለው ሄኔጅ ኦጊልቪ ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1940 በላንሴት መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ ለያዝነው ነገር ዋና ማዕዘን ነው። የቆሰለው ሆድ ግድግዳው ጠፍቶ ወይም አንጀቱ አብጦ ከንፈርና ከንፈሩ አልገጥም ባለ ጊዜ፣ በግድ እየሳቡ መስፋት ሥጋውን እንደሚገድለው አይቶ፣ በቫዝሊን የተነከረና በሙቀት የጠራ ሸራ ወይም ወፍራም የጥጥ ጨርቅ በክፍተቱ ላይ ዘርግቶ ዳር ዳሩን መስፋትን፣ ሆዱንም በጊዜያዊ ሽፋን እያቆዩ ቀስ በቀስ ማቀራረብን አስተማረ። ኦጊልቪ የሎንዶኑ ጋይስ ሆስፒታል ሐኪም ነበር፤ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴም በስደቱ ዘመን ነርስነት ተምረው በዚያው ሆስፒታል አገልግለዋል። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1934 ዓ.ም. በለቀምት በወጣትነታቸው ባረፉ ጊዜ በስማቸው መታሰቢያ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ተሠራ፤ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው ይኸው ነው።

በኤድንበርግ ሕክምና ተምረው እ.ኤ.አ. በ1956 የተመረቁት ዶክተር አስራት ወልደየስ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሠሩ። በኋላም በቀዶ ሕክምና ልዩ ትምህርት ፈጽመው በመመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የተከፈተውን የሕክምና ፋኩልቲ ካቋቋሙትና በዲንነት ከመሩት አንዱ ሆኑ። ስማቸውን ዛሬ ብዙ ሰው በፖለቲካ ትግላቸውና በእስራታቸው ያነሣዋል፤ እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው የኢትዮጵያ ልጆች በገዛ አገራቸው ቀዶ ሐኪም ሆነው እንዲወጡ ስለ ደከሙት ድካም ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ልዩ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ በየክፍለ ሀገሩ የተሰማሩት ሐኪሞች የዚያ ድካም ፍሬዎች ናቸው።

በዚያው ዘመን ከሆስፒታል ውጭ የተሠራ አንድ ሥራ አለ፤ በሕክምና ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይጠቀስም፤ መጠቀስ ግን ይገባዋል። ሐኪም ከቀዶ ጥገና በፊት እጁን እስከ ክርኑ ድረስ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ይታጠባል፤ ልብሱና ጨርቁ ይታጠባል፤ መሣሪያውም ታጥቦ በእንፋሎት ይቀቀላል። አዲስ አበባ ይህን ውኃ በከፊል የምታገኘው ከዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ነው። በቡራዩ በኩል የገፈርሳ ግድብ በ1930ዎቹ ዓ.ም. ተሠራ፤ ከተማዪቱ ስትሰፋ አልበቃ ቢል ደግሞ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የለገዳዲ ወንዝ ተገድቦ፣ ውኃው እዚያው በማጣሪያው ተጣርቶና በክሎሪን ታክሞ ወደ አዲስ አበባ መውረድ ጀመረ። ዜመልቫይስ በቪየና ለእጅ ያዘዘው፣ ካሬልና ዳኪንም በጦር ሜዳ ለቍስል ያፈሰሱት ያ ክሎሪን፣ በለገዳዲ በኩል በሐኪሞቻችን ቧንቧ ደረሰ ማለት ነው። ቧንቧው በደረቀ ቀን በበርሜል የተቀዳ ውኃ በጆግ እየተንቈረቈረ እንደሚታጠቡ የሆስፒታል ሰዎች ያውቁታል።

ከለገዳዲና ከሰንዳፋ፣ ከሰበታና ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታሎች የሚመጣው የድንገተኛ ሆድ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ምክንያቶች አያልፍም፤ ትርፍ አንጀት ይቆስላል፤ የጨጓራ ቍስል ይበሳል፤ አንጀት ይዘጋል። በኢትዮጵያ ሐኪሞች ዘንድ በጣም ከሚታወቁት አንዱ የታችኛው ትልቅ አንጀት በራሱ ላይ መጠምዘዝ ነው፤ የተጠመዘዘው አንጀት ደም አጥቶ ይጠቍራል፣ ሆዱም እንደ ከበሮ ይወጠራል። ገበሬው በመጀመሪያው ቀን ቍርጠት መስሎት ይታገሣል፤ በሁለተኛው ቀን ፌጦና ጸበል ይሞክራል፤ በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ደርሶ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ እንደሚለው፣ «ሪፈር» ይባላል። ሐኪሙ ሆዱን ሲከፍት የሚያገኘው እንግዲህ ያበጠ አንጀት፣ የተበከለ ሆድ ዕቃና የደከመ ሰው ነው። የሞተውን አንጀት ቈርጦ ማውጣት ከሥራው ግማሹ ነው። ከመሐል ሆድ ላይ፣ ደም ሥር በማይበዛበት በነጩ መስመር፣ ከላይ እስከ ታች የከፈተውን ግድግዳ እንዴት ይዝጋው?

በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ቴረንስ ጄንኪንስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ይህን ጥያቄ እንደ መሐንዲስ መረመረው። ሆድ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በነፋስና በእብጠት ሲነፋ የቍስሉ ርዝመት እስከ 30 በመቶ ሊጨምር እንደሚችል አሰላ፤ ክሩ ግን አይረዝምም። አጭር ክር ጠበቅ ተደርጎ ከተሰፋበት፣ ሆዱ ሲነፋ ክሩ እንደ ስለት ሥጋውን ይቈርጠዋል፤ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን ሕመምተኛው ሲያስል ስፌቱ ይፈታና አንጀቱ ይወጣል። ስለዚህ የገባው ክር የቍስሉን ርዝመት ቢያንስ አራት እጥፍ እንዲሆን፣ ጽኑው ሽፋንም ቶሎ በማይሟሟ አንድ ክር ሳያቋርጡ እንዲሰፋ ደነገገ። የዛሬው ቀዶ ሐኪም ሁሉ ይህን የአራት እጥፍ ሕግ ይማራል፤ የተረፈውን ክር ለክቶ የሚያረጋግጠው ግን ሁሉም አይደለም፤ ቢያደርገው መልካም ነበር።

ከሽፋኑ በላይ ያለውን ቆዳ ግን፣ መግል በነበረበት ሆድ ላይ፣ ብዙዎች ክፍት ይተዉታል፤ በጨው ውኃ በራሰ ሻሽ ሞልተው በየቀኑ እየቀየሩ፣ ቍስሉ ሲጠራ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ይሰፉታል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ ይደነግጣል፤ ሥራው ሳያልቅ የተተወ ይመስለዋል። ሐኪሙ አስቀድሞ ቢያስረዳ ሕመምተኛውም አስታማሚውም ይጽናናሉ። ጭራሽ ሊገጥም ላልቻለው ሆድ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ኦስዋልዶ ቦራዬስ የተባለው ሐኪም በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ የሚያዝበትን የፕላስቲክ ከረጢት ቀድዶ ዘርግቶ በሆዱ ላይ ሰፋው። የኦጊልቪ ሸራ በፕላስቲክ ተተካ፤ ዋጋውም ከምንም አይቈጠርም፤ ድሃ ሆስፒታልም ሊያደርገው ይችላል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2009 ጤና መኰንኖችን በሦስት ዓመት ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ለማዋለድ የሚያሠለጥን ትምህርት ተጀመረ። ቀዶ ሐኪም በማይደርስበት ወረዳ ሆስፒታል ዛሬ በሌሊት ሆድ ከፍተው የሚዘጉት ብዙውን ጊዜ እነዚህ መኰንኖች ናቸው፤ ሥራቸው ከሚከፈላቸው ምስጋና እጅግ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ለቀዶ ሕክምና የተለየ አገራዊ ዕቅድ አወጣ።

በእነዚሁ ዓመታት ዕውቀቱም በፍጥነት ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በሆላንድ በ560 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከሽፋኑ ዳር 5 ሚሊ ሜትር ብቻ እየያዙ በየ5 ሚሊ ሜትሩ መስፋት፣ በዓመቱ የሚታየውን የጠባሳ ቡአ ከ21 በመቶ ወደ 13 በመቶ ዝቅ እንዳደረገ አሳየ፤ ጥናቱ ግን በቀጠሮ በታከሙት ላይ እንጂ በድንገተኞቹ ላይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2021 በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ላይፍቦክስ በተባለ ድርጅት ድጋፍ የተሠራው ሥራ ውጤት ታተመ፤ እጅን በሚገባ መታጠብ፣ የመሣሪያውን ንጽሕና ማረጋገጥ፣ ፀረ ተሕዋስያኑን በሰዓቱ መስጠት፣ ሻሹን መቍጠር የመሳሰሉት ተራ ነገሮች በሥርዓት በተጠበቁ ጊዜ የቍስል ማመርቀዝ በሲሶ ያህል ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከአፍሪቃ ጋና፣ ናይጄሪያ፣ ሩዋንዳ፣ ቤኒንና ደቡብ አፍሪቃ የተካፈሉበት፣ በ7 አገሮች በ81 ሆስፒታሎች በ13,301 ሕሙማን ላይ የተደረገ ታላቅ ጥናት፣ ሆድ ከመዘጋቱ በፊት ጓንትንና መሣሪያን መቀየር ብቻ ማመርቀዙን ከ18.9 በመቶ ወደ 16 በመቶ እንደሚያወርደው አረጋገጠ። ውድ ክርና ውድ መድኃኒት ያልሰጡትን ውጤት ሁለተኛ ጥንድ ጓንት ሰጠ።

ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 ዓ.ም. ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከሌሎቹ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልሏል፤ በሆስፒታል ሆዱ ተሰፍቶ ወደዚያ የሚመለሰው ሰው ግን እንደ ቀድሞው እርፍ ይጨብጣል፣ ድንጋይ ይሸከማል፤ ሴቲቱም ሃያ ሊትር ጀሪካን ታነሣለች። ማመርቀዝ የሚቈጠረው እስከ 30 ቀን፣ ቡአ የሚታየው በዓመቱ ወይም ከዚያ በኋላ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሆስፒታል የተሰናበተ ገበሬ ግን ሕመም ካልተሰማው አይመለስም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የእያንዳንዱን ቤት ደጃፍ ያውቃሉ፤ በሠላሳኛው ቀንና በዓመቱ ጠባሳውን አይተው፣ መርቅዟል ወይም አብጧል፣ ጸንቷል ወይም ላልቷል ብለው ለሰፋው ሐኪም እንዲያሳውቁ ቢደረግ፣ በገዛ አገራችን በድንገት የተከፈቱት ሆዶች እንዴት እንደ ዘለቁ የሚናገር የራሳችን መዝገብ ይኖረናል፤ ሥራው አንድ ደብተርና አንድ የስልክ ጥሪ ይፈልጋል።